ማላታይን ጠጥቶ ለሚመጣ ታካሚ ጤና ጣቢያ ላይ ስንት አምፑል አትሮፒን ይበቃል?

ጠያቂ፦ ጤና መኮንን፣ ሰቃ አካባቢ

ሰላም ባልደረቦች። ጥያቄዬ ጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ጤና ጣቢያ ላይ ለምንሠራ ነው። የተባይ መርጫ ጠጥቶ፣ ወይም ጫትና በቆሎ ሲረጭ ውሎ ተመርዞ ለሚመጣ ታካሚ ሪፈር ከመጻፋችን በፊት ባለው አንድ ሰዓት ምን እንደሚደረግ የሚነገረን እርስ በርሱ ይጋጫል።

አንደኛ፣ ማርከሻው አትሮፒን። አንዱ «1 ሚሊግራም በየ15 ደቂቃው፣ ብሌኑ እስኪሰፋ ድረስ» ይላል፤ ሌላው «የልብ ምቱ 120 ካለፈ አቁም» ይላል። ሁለተኛ፣ ሌላው ማርከሻ ፕራሊዶክሲም የለንም። ያለ እሱ አትሮፒን ብቻ መስጠት ዋጋ አለው ወይስ ታካሚውን ቶሎ ጭኖ መላክ ይሻላል? ሦስተኛ፣ ሆድ ማጠብ ከሁሉ ይቅደም የሚሉ አሉ፤ ቤተሰብም አብዛኛውን ጊዜ ወተት ወይም ጥሬ እንቁላል ግቶት ነው የሚያመጣው። አራተኛ፣ የሚያመጡት ጠርሙስ ወረቀት የሌለው ሃይላንድ ነው። ኦርጋኖፎስፌት (እንደ ማላታይን ያለው የተባይ መርዝ ዓይነት) ይሁን ሌላ ነገር በምን እንለየው?

ያለን ይኼ ነው፦ ባለ 1 ሚሊግራም አትሮፒን አምፑል፣ ዲያዜፓም፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ)፣ በእግር የሚረገጥ ሳክሽን (ፈሳሽ መምጠጫ)፣ አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን፣ ፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን ማለትም ሳቹሬሽን መለኪያ)፣ የስኳር መለኪያ።

መልስ 1፦ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ ጅማ

ከአትሮፒኑ ልጀምር፤ ብዙው ስህተት እዚያ ነው ያለው።

ኦርጋኖፎስፌት የነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈውን ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊንን፣ የሚበትነውን ኤንዛይም ይይዘዋል። አሴቲልኮሊን በየነርቩ ጫፍ ይጠራቀማል፤ ለሃጩ፣ እንባው፣ ላቡ፣ ተቅማጡ፣ የሚያመልጠው ሽንት፣ የመርፌ ቀዳዳ ያከለው ብሌን፣ የዘገመው የልብ ምት ሁሉ የዚያ ውጤት ነው። ታካሚው የሚሞተው ግን በተቅማጡም በብሌኑም አይደለም። ሳንባው በገዛ ፈሳሹ ይጥለቀለቃል፣ የአየር ቧንቧው ይጠብባል፣ የመተንፈሻ ጡንቻው ይዝላል። ስለዚህ አትሮፒን ስትሰጡ ዓይናችሁ ብሌኑ ላይ ሳይሆን ጆሯችሁ ደረቱ ላይ ይሁን።

ምልክቱ ግልጽ ለሆነ አዋቂ 2 ሚሊግራም በደም ሥር፣ በአንዴ። ቀለል ላለው 1 ሚሊግራም ይበቃል። 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ አምስት ነገር ተመልከቱ፦ ደረቱ በሁለቱም ወገን ጠርቷል? የልብ ምቱ ከ80 በላይ ነው? የላይኛው የደም ግፊት ከ80 በላይ ነው? ብብቱ ደርቋል? ብሌኑ ከመርፌ ቀዳዳነት ወጥቷል? ምንም ለውጥ ከሌለ መጠኑን እጥፍ አድርጉት፦ 4፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ 8፣ ከዚያም 16። መሻሻል ከጀመረ እጥፍ ማድረጉን ተዉትና ያንኑ መጠን ወይም አነስ ያለውን እየደገማችሁ አምስቱም እስኪሟሉ ቀጥሉ። ለልጅ መነሻው በኪሎ 0.05 ሚሊግራም ነው፤ 12 ኪሎ ለሆነ ሕፃን 0.6 ሚሊግራም ማለት ነው። እጥፍ የማድረጉ ሥርዓት ያው ነው።

«1 ሚሊግራም በየ15 ደቂቃው» የሚለው ሰው ይገድላል። በሰዓት 4 ሚሊግራም ብቻ ነው የሚገባው፤ ክፉኛ የተመረዘ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት 30 ሊፈልግ ይችላል። ይህ በሙከራም ታይቷል። ባንግላዴሽ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ሁለቱን አሰጣጥ አነጻጽረው ነበር፦ በተለመደው መንገድ ታካሚው በአትሮፒን እስኪሞላ (የሚበቃውን አግኝቶ ምልክቶቹ እስኪሟሉ) በአማካይ 152 ደቂቃ ፈጀ፣ በእጥፉ መንገድ 24 ደቂቃ። ሞቱ ከ22.5 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱ አንድ፣ አሰጣጡ ብቻ ተለየ።

የልብ ምት 120 መሆን አትሮፒን አያስከለክልም። ምቱ በመታፈን፣ በፈሳሽ ማጣት፣ ወይም በመርዙ በራሱ ሊፈጥን ይችላል፤ ኒኮቲናዊው (ጡንቻንና ግፊትን የሚነካው) ምልክት ሲያይል ብሌን የሚሰፋበትና ግፊት የሚጨምርበት ጊዜም አለ። ደረቱ እርጥብ ከሆነ ምቱ 130 ቢሆንም አትሮፒኑ ይሰጣል። ብሌኑም ቢሆን ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የሚከፈተው፤ መርጫው ዓይኑ ውስጥ ከተረጨማ ጨርሶ ላይታዘዝ ይችላል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሁለቱም ሳንባ ከጠራ በኋላ በቀኝ በኩል ከታች ብቻ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከቀረ፣ ያ ያስመለሰው ሳንባው ገብቶ ነው። አትሮፒን አያደርቀውም፤ እሱን እያሳደዳችሁ መጠን አትጨምሩ። «ሳንባው ውኃ ይዟል» ብሎ ላዚክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) መስጠትም የተለመደ ስህተት ነው። ፈሳሹን የሚያቆመው አትሮፒን ነው።

ኦክስጅን ካለ ስጡ፤ ከሌለ ወይም ሲሊንደሩ ካለቀ አትሮፒኑ እሱን አይጠብቅም። ለመንቀጥቀጥ ዲያዜፓም 10 ሚሊግራም በደም ሥር፣ በዝግታ። ቱቦ የሚያስገባ ሰው ካለ ሳክሲኒልኮሊን (ጡንቻ የሚያዝለውን መድኃኒት) ባይጠቀም ይመረጣል፤ የሚበትነው ኤንዛይም በመርዙ ስለተያዘ ጡንቻው ለሰዓታት ሽባ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ፕራሊዶክሲም ስለሌለ አትቆጩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በኪሎ 30 ሚሊግራም በ20 እና 30 ደቂቃ መካከል፣ ከዚያ በሰዓት በኪሎ 8 ሚሊግራም ነው። ማስረጃው ግን የተከፈለ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሕንድ የወጣው ሙከራ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ጠቀመ አለ፤ በ2009 ከስሪላንካ የወጣው ጥቅም አላገኘም። ደግሞ ጊዜ አለው። መርዙ ኤንዛይሙ ላይ ሲያረጅ (ላይለቅ ሲጣበቅ) ፕራሊዶክሲም ሊያስለቅቀው አይችልም። እንደ ማላታይንና ዳይሜቶዬት ባሉት ላይ ግማሹ በ4 ሰዓት ገደማ ያረጃል፤ እንደ ዲያዚኖንና ክሎርፒሪፎስ ባሉት ግን ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ካርባሜት (ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጣ ሌላ የመርጫ ዓይነት) ከሆነ ደግሞ ኤንዛይሙ በራሱ ስለሚለቀቅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ያለ አትሮፒን ፕራሊዶክሲም መስጠት ግን በፍጹም አይሆንም፤ በፍጥነት መግፋትም ልብን ሊያቆም ይችላል።

ስለዚህ «ቶሎ ጭኖ መላክ» ለሚለው፦ አትሮፒን ሳይሞላ የተጫነ ታካሚ መንገድ ላይ ይሞታል። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት መንገድ ያንን አስሉት። 20 ደቂቃ ቆማችሁ ሙሉትና ላኩት።

መልስ 2፦ ፋርማሲስት፣ ሄርማታ

በዶክተር ሒሳብ ላይ የመጋዘኑን ሒሳብ ልጨምር።

2፣ 4፣ 8፣ 16 ሲደመር 30 ነው፤ ባለ 1 ሚሊግራም አምፑል ከሆነ 30 አምፑል በ15 ደቂቃ ይሰበራል። ከዚያ የሚቀጥለው ድሪፕ አለ፦ ታካሚው እስኪሞላ የወሰደው ድምር ከ10 እስከ 20 በመቶው በየሰዓቱ። 30 ወስዶ ከሆነ በሰዓት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም፤ ለሁለት ሰዓት መንገድ እስከ 12 አምፑል። መንገድ ላይ ደረቱ እንደገና ቢረጥብ የሚደገም ቦለስም (በአንዴ የሚገፋ መጠን) አለ። ለአንድ ከባድ ታካሚ 50 አምፑል በአንድ ሣጥን አድርጎ ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥ ነው የኔ ምክር። በወር 10 አምፑል እየጠየቀ «አለን» የሚል ጤና ጣቢያ የለውም ማለት ነው። ሣጥኑ ከብርሃን ይከለል፤ ጊዜው ሊያልፍ ስድስት ወር ሲቀረው ብዙ ተጠቃሚ ወዳለበት ሆስፒታል አስተላልፋችሁ በአዲስ ለውጡት።

16 አምፑል መስበር ራሱ ሥራ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይዞ የሚጀምር ሰው ይዘገያል። የመጀመሪያው ቦለስ እንደገባ አንድ ሰው ቀጣዩን እያዘጋጀ ይቀመጥ፤ ባለ 10 እና ባለ 20 ሲሪንጅ ከሣጥኑ ጋር ታስሮ ይኑር።

ፓምፕ ለሌላችሁ ድሪፑን እንዲህ አስሉት። ታካሚው በ15 ሚሊግራም ሞላ እንበል። 10 በመቶው በሰዓት 1.5 ነው። 15 አምፑል በ500 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ጨምሩ፤ በሰዓት 50 ሚሊ ሊትር ከሄደ 1.5 ሚሊግራም ገባ ማለት ነው። በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ ገመድ በደቂቃ 17 ጠብታ ይሆናል። ከረጢቱ ላይ ስንት አምፑል እንደገባና ስንት ሰዓት እንደተጀመረ በትልቁ ጻፉበት። የሚቀበላችሁ ሰው ንጹሕ ሳላይን መስሎት በፍጥነት ከከፈተው ታካሚው ያብዳል።

አትሮፒን ሲበዛም ምልክት አለው፦ ሆዱ ሲደመጥ ጸጥ ይላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ይቃዣል፣ አልጋውን ይቧጥጣል፣ ሽንቱ ይያዛል። እነዚህ ሲመጡ ድሪፑን አቁሙ፣ በየ30 ደቂቃው እዩት፣ ሲረጋጋ ከቀድሞው ፍጥነት 70 ወይም 80 በመቶ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሙሉ በሙሉ አቋርጦ መተው ግን አደጋ ነው፤ በተለይ ስብ ውስጥ የሚሟሟው መርዝ ቀስ እያለ ተመልሶ ይወጣል።

ስለ ከሰል አንድ ቃል። አክቲቬትድ ቻርኮል ማለት በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ፣ ገጽታው እጅግ የሰፋ ዱቄት ነው። የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ማጠጣት ምንም አይዝም፤ ሳንባ ብቻ ያበላሻል። ትክክለኛው ካለና ታካሚው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ፣ ነቅቶ በራሱ መዋጥ ከቻለ፣ 50 ግራም ለአዋቂ፣ በኪሎ 1 ግራም ለልጅ። አሲድ፣ በረኪና፣ ናፍጣ፣ አልኮልና ብረት ነክ ነገሮች ላይ አይሠራም።

መልስ 3፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

አራተኛው ጥያቄ ላይ ልቆይ፤ ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ያታልላል።

መጀመሪያ ቃሉን አጥሩት። እዚህ አገር «መድኃኒት ጠጣ» ሲባል የሐኪም ኪኒንም፣ የተባይ መርጫም፣ የአይጥ መርዝም ሊሆን ይችላል። በኦሮምኛ «ቆሪቻ» ሲሉም እንደዚያው ነው። «ማላታይን» የሚለው ደግሞ ለገበሬው የማንኛውም መርጫ ስም ሆኗል፤ ውስጡ ካራቴ ሊሆን ይችላል፣ የአረም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን አገልግሎቱን ጠይቁ፦ ለምን ገዛችሁት? ለጫት ነው፣ ለከብት መዥገር፣ ለአረም፣ ለነቀዝ ወይስ ለአይጥ? ዱቄት ነው ኪኒን? ውኃ ሲነካው ነጭ ይሆናል? ጠርሙሱን ራሱን እንዲያመጡ አንድ ሰው በባጃጅ መልሱ። ስታሸቱት ግን አፍንጫችሁን አታስጠጉ።

አሁን ወደ ታካሚው። ብሌኑ ጠቦ፣ ራሱን ስቶ፣ ልቡ ዘግሞ ሁሉም ሰው አትሮፒን ይጭናል። ቆም በሉ፤ ደርቋል ወይስ ረጥቧል? ኦርጋኖፎስፌት ያለ ፈሳሽ አይመጣም። ደረቱ ደረቅ፣ ብብቱ ደረቅ፣ የሆድ ድምፁ የቀነሰ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ስኳሩ ከፍ ያለ ከሆነ አሚትራዝን ጠርጥሩ፤ ለከብት መዥገር የሚሸጠው ባለ 12.5 በመቶው ፈሳሽ ነው። እሱ የሚሠራው ፍጹም በሌላ መንገድ ነው፣ ማርከሻ የለውም፤ አየር መንገዱን ከጠበቃችሁና ካሞቃችሁት ብዙው በአንድ ሁለት ቀን ይነቃል። ልቡ ክፉኛ ከዘገመ ለልቡ የሚበቃ ትንሽ አትሮፒን፣ በቃ። እዚህ ላይ በእጥፍ መሄድ ታካሚውን በአትሮፒን መመረዝ ነው። ስኳር መለኪያ አለን ብላችኋል፤ ለዚህም ተጠቀሙበት። የመደንዘዣ መድኃኒት ማለትም ኦፒዮይድም ብሌን ያጠባል፣ ትንፋሽ ያዘገማል፣ ግን ደረቅ ነው፤ ናሎክሶን ይመልሰዋል።

ጥርጣሬ ካደረባችሁ ለአዋቂ 1 ሚሊግራም አትሮፒን ሰጥታችሁ እዩ። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ መጠን ልብ ያፈጥናል፣ አፍ ያደርቃል። ያንን ካደረገ ከባድ ኦርጋኖፎስፌት የመሆኑ ነገር ይርቃል። እንደ ውኃ ከጠፋ፣ ነው ማለት ነው፤ ወደ እጥፉ ግቡ።

ተቃራኒውን ሥዕልም እወቁት። አስተናግር የበላ ልጅ፣ ብሌኑ የሰፋ፣ ቆዳው የጋለና የደረቀ፣ ፊቱ የቀላ፣ በአየር ላይ ያለ ነገር የሚለቅም ሆኖ ይመጣል። ተክሉ ራሱ አትሮፒን ይዟል። ለእሱ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ዲያዜፓም፣ ማቀዝቀዝ፣ ሽንቱ ከተያዘ ካቴተር። ያንን ሥዕል በደንብ ያየ ሰው አትሮፒን ሲበዛ ምን እንደሚመስል ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የአረም መድኃኒት ከሆነ አንድ የተለየ ሕግ አለ። ፓራኳት ማለትም ግራሞክሶን ለሚባለው ኦክስጅን ራሱ የሳንባውን ቃጠሎ ያባብሳል። ምላሱና ጉሮሮው የቆሰለ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያስመለሰ ታካሚ ከሆነ፣ ሳቹሬሽኑ ከ90 በታች ካልወረደ ኦክስጅን አታድርጉለት። ቻርኮል ካለ ወዲያው ስጡና ላኩት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ደህና መስሎ መናገሩ አያታልላችሁ።

ካራቴና መሰሎቹ ፓይሬትሮይዶች ናቸው፤ ፊትን ያቃጥላሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣሉ። ግን ከፕሮፌኖፎስ፣ ማለትም ከአንድ ኦርጋኖፎስፌት ጋር ተቀላቅለው የሚሸጡ አሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ካያችሁ እንደ ኦርጋኖፎስፌት አስቡት።

ጠያቂ

እጅግ አመሰግናለሁ። የበቆሎ ነቀዝ ኪኒኑስ? እሱን የዋጠ ሲመጣ አትሮፒን ይሰጣል? ደግሞ ላቫዡ (ሆድ ማጠቡ) እና ወተቱ ላይ ማንም አልመለሰልኝም።

መልስ 4፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

የነቀዙ ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ ከማላታይን ጋር ምንም አይገናኝም። አትሮፒንም ፕራሊዶክሲምም አይሠሩለትም፣ ማርከሻ የለውም። እርጥበትና የጨጓራ አሲድ ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ባለ 3 ግራሙ ኪኒን 1 ግራም ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሕዋሱ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ ልቡ ምቱን ይስታል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ይኖረዋል። ጥቁር ግራጫ ዱቄት የሆነው የአይጥ መርዝ ዚንክ ፎስፋይድም የዚሁ ወንድም ነው።

እዚህ ላይ ውኃ ማጠጣትና በውኃ ሆድ ማጠብ ጋዙን ያበዛዋል። አታድርጉት። ሁለት ትላልቅ ካኑላ (የደም ሥር መስመር)፣ ሳላይን፣ ኦክስጅን፣ ከተቻለ የልብ ሞኒተር፣ ያለምንም መዘግየት ሪፈር። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚሰጡ ማዕከሎች አሉ፤ ግን ማስረጃው የጠነከረ አይደለም፣ ግፊቱ በወረደ ሰው ላይ ጤና ጣቢያ ላይ አትጀምሩት። መስኮት ክፈቱ፤ አምቡላንሱ ውስጥም ጭምር። ያስመለሰውን በክዳን ይዛችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ ጋዙ ነርሷንም ሹፌሩንም ይመርዛል።

ጅማ ላይ ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ያ ሌላ አደጋ አለው። ኪኒኑን በማዳበሪያ ውስጥ ባለ በቆሎ ላይ ጥሎ እዚያው ክፍል የሚተኛ ቤተሰብ አለ። ማታ የተኙት ሁሉ ጠዋት ራስ ምታትና ትውከት ይዘው ከመጡ «ምግብ ነው» ብላችሁ አትሸኙ። ከሰል ክፍል ውስጥ አሳድሮም እንዲሁ ነው፣ ያኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ፐልስ ኦክሲሜትሩ 98 እያለ ሰውየው ሊሞት ይችላል፣ መሣሪያው ኦክስጅን የያዘውንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም አይለይማ። ማርከሻው በጭምብል የሚሰጥ ሙሉ ኦክስጅን ነው፦ ያለ እሱ ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ በእሱ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ።

መልስ 5፦ ነርስ፣ ድንገተኛ ክፍል

የላቫዡን እኔ ልመልስ፤ ቱቦውን የምናስገባው እኛ ነንና።

ላቫዥ አትሮፒን ከሞላ፣ መንቀጥቀጡ ከቆመ፣ አየር መንገዱ ከተጠበቀ በኋላ ካልሆነ አይነካም። ከጠጣ ከአንድ፣ ግፋ ቢል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈው ደግሞ የሚወጣ ነገር የለም። ብዙው መርጫ የተሟሟው በናፍጣ መሰል ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ቱቦ ስትከቱ ያስመልስና ሳንባው ይገባል። ይዞ አስሮ ማጠብ የሚባለው ነገር መቅረት አለበት። በጣት ማስመለስም፣ የጨው ውኃም እንደዚሁ። ወተት፣ እንቁላልና ዘይት መርዙን አያረክሱም፤ ሆድ ይሞላሉ፣ ትውከት ያመጣሉ። ቤተሰቡን ግን አትቆጡ። ስንት ብርጭቆ እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ሐኪሙ ቱቦ ሲያስብ ያስፈልገዋል። በረኪና የጠጣም ሆዱ አይታጠብም፣ እንዲያስመልስ አይደረግም፣ በሎሚም «አይረክስም»።

እናንተ የምትረሱት ልብሱን ነው። ሲረጭ ውሎ የመጣ ገበሬ ሸሚዙን እንደለበሰ አልጋ ላይ ተኝቶ አትሮፒን ሲንቆረቆርለት መርዙ በቆዳው መግባቱን አላቆመም። የጀርባ መርጫ ስለሚያፈስ ጀርባውና ወገቡ ነው የሚረጥበው፤ እዚያ እዩ። ሁሉንም አውልቁ፣ በፌስታል ቋጥሩ፣ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ፤ ፀጉር፣ ጥፍር ሥር፣ እምብርት፣ ብብት አይረሳ። ቀበቶና የቆዳ ጫማ ታጥቦ አይጠራም፣ ይወገድ። ጓንት ድርብ አድርጉ፤ ናይትራይል ካለ እሱን፣ ላቴክሱ ያሳልፋል። ግን አትሮፒኑ ይቅደም፤ አንዱ እያጠበ አንዱ ይወጋል።

አስተኛኘት፦ በግራ ጎን፣ አንገት ቀና፣ ራስ ከሰውነት ትንሽ ዝቅ። ሳክሽኑ ከራስጌ። ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምሩና በየ5 ደቂቃው ደረት፣ ምት፣ ግፊት፣ ብብት፣ ብሌን ጻፉ፤ ከጎኑ የገባው ሚሊግራም። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «አትሮፒን ተሰጥቷል» ብሎ መላክ ለተቀባዩ ምንም አይነግርም። ድምሩ፣ የመጨረሻው ቦለስ ሰዓት፣ የድሪፑ ፍጥነት ይጻፍ። ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ሕክምና ማዕከሉ ደውላችሁ አልጋና ቬንቲሌተር ጠይቁ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ታካሚው ነቅቶ፣ ገንፎ በልቶ፣ ዘመድ «ይውጣልን» ይላል። ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻ ሊዝል ይችላል፤ ፈሳሽ የለውም፣ አትሮፒን አይሰማውም። በየፈረቃው ጭንቅላቱን ከትራሱ እንዲያነሳ ጠይቁት። ካቃተው፣ ወይም በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ መቁጠር ሲችል ቆይቶ አሥር ላይ ከቆመ፣ ሳቹሬሽኑ ጥሩ ቢሆንም ቬንቲሌተር ያለበት ቦታ ይሁን። አምቡ ባግ ከአልጋው አይራቅ።

ሌላው፣ ሆን ብሎ የጠጣ ከሆነ ዘመዶቹ ፊት አትጠይቁት፤ «በስህተት ነው» ይላችኋል። ለብቻው፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትወቅሱ። ለብቻው አይተው፣ አልጋው አጠገብ መድኃኒት አይቀመጥ፣ ሳይወጣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው።

መልስ 6፦ ፋርማሲስት፣ ሄርማታ

ሲስተር ያነሳችው የሪፈር ወረቀት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድሪፑ መንገድ ላይ ካለቀ የሚተካው አምፑል ከታካሚው ጋር ይላክ እንጂ «እዚያ ያገኛል» አይባል። 20 አምፑል፣ ሁለት ባለ 10 ሲሪንጅ፣ አንድ ዲያዜፓም፣ አብሮ በሚሄደው ነርስ ኪስ። የቀረውን መልሶ ለመረከብ ቅጽ ካስፈለጋችሁ ንገሩኝ፣ የምንጠቀምበትን እዚህ ለጥፌላችኋለሁ።

ጠያቂ

ቅጹን ለጥፍልን። ሣጥኑን ነገ እንቆጥራለን።